‹ደህና ነው› እንድል የተላክሁበት መንገድ

ሐሙስ፣ ሊነጋጋ ሲል፤ ጎንደር

መናኸሪያ ስደርስ ሰማዩ ገና አልለየም። «ደባርቅ» የሚል ታፔላ የለጠፈ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ይንቀጠቀጣል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል። ገብቼ ሳይ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ጉዞው በውሸት ተጀመረ አልሁና ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥሁ።

የምሄድበትን ጉዳይ አስቀድሜ ልናገር። ታናሽ እህቴ የሻረግ ከደባርቅ ወዲያ፣ ተራራው ሥር ባለች መንደር ትኖራለች። ልጇ ትርንጎ ስትወለድ ጀምሮ አትሰማም። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ደብተር ይዛ አታውቅም። ዘንድሮ ደባርቅ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ልዩ ክፍል ተከፍቷል፣ ልጆቻችሁን አውጡ ተብሎ በቀበሌ ተነገረ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ዳባት ላይ ምግብ ቤት ያላት የባሏ አክስት ልጅቷን ለዕቃ አጣቢነት ጠየቀች። ምዝገባው ሰኞ ይዘጋል። አክስትዬዋም እስከ ሰኞ ካልመጣችልኝ ሌላ እቀጥራለሁ ብላለች። እህቴ ስልክ ደወለችልኝ።

«ወንድማለም፣ ሂድና እይልኝ። አንተ እንደሆን ሰው አታምንም። አንተ ‹ደህና ነው› ካልህ በእውነት ደህና ነው ማለት ነው።»

ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየልኝም።

ሰው የማላምነው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ፊደል የቆጠርሁት ጺሜ ሸበት ካለ በኋላ ነው። የእህል መጋዘን ተሸካሚ ነበርሁ። ከሥራ መልስ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ማንበብ ስጀምር፣ ማንም ሳይረዳኝ መጀመሪያ ያነበብሁት ጽሑፍ ትከሻዬ ላይ ስንት ዘመን ያመላለስሁት ጆንያ ላይ የታተመው ነው፦ «ለሽያጭ የማይውል»። ጆንያውን የማራግፈው ግን ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ሳይ ምን እንደሚል አነብና፣ ቀጥዬ ደግሞ የት እንደተገኘ አያለሁ። ሁለቱ እምብዛም አይገጥሙም፤ አለመግጠማቸውን ስጽፍ አንዳንዴ ጋዜጣ ላይ ያወጡልኛል።

ሐሙስ ረፋድ፤ በኮሶዬ በኩል እስከ አምባ ጊዮርጊስ

አውቶቡሱ ሳይሞላ አልተነሳም። ይኸ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመ ነው፤ ተሳፋሪው እርስ በርሱ የሚጠያየቀው ከጤና በፊት «ዛሬ ክፍት ነው?» እያለ ነው። ታሪፉ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ረዳቱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ጣቴን ታሪፉ ላይ አድርጌ አነበብሁለት።

«ፋዘር፣ እሱ የድሮ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ለጠፋችሁት?»

«ካልተለጠፈ እንቀጣለን።»

ከፈልሁ። ቢያንስ ይኸኛው እውነቱን ተናገረ።

ኮሶዬ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። በስተግራ ገደሉ በጉም ተሞልቶ ወተት የተቀመጠበት ገበታ መስሏል። በስተቀኝ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ባቄላው ጠቁሯል። የደንብ ልብስ የለበሱ ልጆች አስፋልቱን ይዘው ይሄዳሉ፤ ደብተራቸው በፌስታል ነው። ስሙን ከማልጠራው መንደር አንድ ትምህርት ቤት አየሁ። መግቢያው ላይ «ጥራት ያለው ትምህርት ለሁሉም» የሚል አዲስ የብረት ሰሌዳ ቆሟል፤ ከጀርባው ያሉት ክፍሎች መስኮት መስታወት የለውም። ሰሌዳው ብቻውን ስንት መስኮት ይሠራ ነበር?

ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት አስተማሪ ነው። ለስብሰባ ጎንደር ተጠርቶ ሲመለስ ነው ያገኘሁት።

«አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደረሳችሁ?» አልሁት።

«ደርሷል አባቴ።»

«የት አለ?»

«ስልኬ ላይ።»

አውጥቶ አሳየኝ። መጽሐፉ እንዳለ ስልኩ ውስጥ ነው። እሱ እያየ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። መብራት የጠፋ ሰሞን ባትሪው ሲያልቅ ትምህርቱም ያልቃል።

«ምንድን ነው የምታስተምረው?»

«ሒሳብ ነው የተማርሁት። ዘንድሮ ግን ክፍለ ጊዜ ስለጎደለኝ የክወናና እይታ ጥበባት ሞሉልኝ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ቲያትር።»

«ሥዕል ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ዘፈንስ?»

«ኧረ ተዉኝ አባቴ» ብሎ ሳቀ። «የመጀመሪያው ቀን ክራር ስዬ አሳየኋቸው። ወንፊት ነው አሉ።»

ወደ ደባርቅ የምሄድበትን ነገርሁት። ሳቁን ተወ።

«እኔ ክፍልም አንድ ዓይነ ስውር ልጅ አለ። አካቶ ትምህርት ነው ተባልን።»

«ምን ማለት ነው?»

«ከሌሎቹ ጋር አብሮ መቀመጥ።»

«ከዚያስ?»

«ተቀምጧል» አለኝ።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ወረደ። አውቶቡሱ ሽንኩርት ሊጭን ስለቆመ እኔም እግሬን ላፍታታ ወረድሁ። ከመንገዱ ዳር አንድ ቸርቻሪ ላስቲክ ዘርግቶ ባትሪ፣ ማበጠሪያ፣ የፕላስቲክ ጫማ ይሸጣል። ከማበጠሪያው ጎን አዲስ የመማሪያ መጽሐፍ ተኝቷል። አስተማሪው ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ እኔም ከትከሻው በላይ አየሁ። ጀርባው ላይ ያችው የድሮ ወዳጄ ተጽፋለች፦ «ለሽያጭ የማይውል»።

«ከየት አመጣኸው?» አልሁት ቸርቻሪውን።

«አንተ ፖሊስ ነህ?»

አስተማሪው ግን አልጠየቀም። ተከራክሮ ገዛውና ከጃኬቱ ሥር ከተተው። የመንግሥትን መጽሐፍ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ከኪሱ ገዝቶ ገባ። ሌባ ልበለው ወይስ ጻድቅ? ቸኩሎ ስለሄደ ሳልወስን ቀረሁ።

ሐሙስ ቀትር፤ ዳባት

የአክስትዬዋ፣ የወይዘሮ አሰገደች ምግብ ቤት ከዋናው መንገድ ላይ ነው። ሹፌሮች ሁሉ እዚያ ይቆማሉ። ቀይ ወጡ ቅቤው ላዩ ላይ ተኝቶ መጣልኝ፤ ከጎኑ አይብ፣ ከጎኑ ቃሪያ። ሒሳብ ስጠይቅ «ከዘመድ ገንዘብ አልቀበልም» አለች። ያን ጊዜ ይበልጥ ተጠራጠርሁ። በነፃ የሚያበላኝ ሰው ከእኔ የሚፈልገው አለው ማለት ነው።

ሃምሳ ያለፋት፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሥራ የማትፈራ ሴት ናት። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«አያ ጋሻው፣ ልጅቷን የማልሰጥበት ምክንያት አለኝ ካልህ አሁን ንገረኝ።»

«ለምን እሷን ፈለግሽ? ዳባት ልጅ ጠፍቶ ነው?»

«እውነቱን ልንገርህ? የምቀጥራቸው ሁሉ ምላሳቸው ረጅም ነው። ሹፌር ያለውን ለነጋዴ፣ ነጋዴ ያለውን ለፖሊስ ይነግሩብኛል። ይህች ወሬ አታወጣም። ቃል አትመልስም። እንዲህ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል?»

አነጋገሯ ላይ ክፋት አልነበረም። በቅሎ ስትገዛ ጥርሷን አይታ እንደምታደንቅ ሰው ነበረች።

«የት ነው የምትተኛ?» አልሁ።

ወስዳ አሳየችኝ። ከኩሽናው ጀርባ፣ የቢራ ሣጥን ከተደረደረበት ጎን፣ ንጹሕ ፍራሽ ተነጥፏል፤ አዲስ ብርድ ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል። ዕቃ የሚታጠብበት የሲሚንቶ ገንዳ ከፍራሹ አንድ እርምጃ ነው። ተነስታ ታጥባለች፣ አጥባ ትተኛለች።

«እዚያ ትምህርት ቤት ገብታ ምን ትሆናለች?» አለችኝ ስወጣ። «እስቲ ንገረኝ። ጸሐፊ? ነርስ? እኔ ዘንድ ሙያ ይዛ ትወጣለች። ቢያንስ አትራብም።»

ይኸን የምጽፈው አክስትዬዋን ለማማት አይደለም። ጥያቄዋ እስከ ደባርቅ አብሮኝ ተሳፈረ።

ዓርብ ጠዋት፤ ደባርቅ

ሐሙስ ማምሻውን ነው የደረስሁ። ደባርቅ ላይ ብርዱ አጥንት ይቆጥራል። ፈረንጅ ይዘው ተራራ ይወጡ የነበሩ አስጎብኚዎች ሆቴሉ በር ላይ ካርታ ይጫወታሉ። አንዱ እኔንም «ሰር» ብሎ ጠራኝና ፊቴን አይቶ ተወኝ።

ዓርብ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ዘበኛው ስሜን ሳልናገር «ጋዜጣ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት? ይግቡ፣ ይግቡ» አለኝ። ማን ነገራቸው? የእህቴ ባል ነው። «ከጎንደር ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ አማቼ ይመጣል» ብሎ አስወርቷል። ሊጠቅመኝ ብሎ ገደለኝ። በቀጠሮ የሚታይ ነገር እውነት ሆኖ አላየሁም።

ርዕሰ መምህሩ በሙሉ ልብስ ተቀበለኝ። ጫማው ተወልውሏል። ወደ ልዩ ክፍሉ ወሰደኝ። እንዴት ያለ ክፍል ነው! ግድግዳው በሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ የእጅ ምልክቶች የተሳሉበት ትልልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ወንበሩ አዲስ ነው። ጥግ ላይ ኮምፒውተሮች ከነላስቲካቸው ቆመዋል። ልጆቹ በሁለት ረድፍ ተቀምጠው አፋቸውን ዘግተው ያዩኛል። ጸጥ ያለ ክፍል ነው። መስማት የተሳናቸው ናቸውና ጸጥ ማለታቸው አይገርምም።

የገረመኝ ሌላ ነው። ወንበሮቹ እግር ላይ ፋብሪካው የጠቀለለው ወረቀት አልተላጠም። ሰሌዳው ጠመኔ ነክቶት አያውቅም። ልጆቹም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈዋል። በእጅ የሚናገር ልጅ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል? እናንተ አፋችሁን ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ?

ርዕሰ መምህሩ ስለ ድጎማው፣ ስለ አካቶ ትምህርት ስትራቴጂው፣ ስለ ባለድርሻ አካላት እያስረዳኝ ነው። እኔ ቀስ እያልሁ ወደ ክፍሉ ጀርባ ሄድሁ። ለትርንጎ የገዛሁት ከረሜላ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከኋላቸው ቆሜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፦

«ከረሜላ ማን ይፈልጋል?» አልሁ።

ሁሉም ዞሩ። አንዲት ትንሽ ልጅማ «እኔ!» ብላ እጇን አወጣች።

ክፍሉ አሁን በእውነት ጸጥ አለ። ርዕሰ መምህሩ ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ። ከረሜላውን አደልኋቸው፤ እነሱ ምን አጠፉ? ተቀመጡ ተብለው ተቀመጡ። አንድ ብቻ አስቀርቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ተከተለኝ።

«እነዚህ ይሰማሉ» አልሁት።

«ያው... ከሦስተኛ ክፍል ናቸው።»

«የማይሰሙትስ?»

«ዛሬ አልመጡም። ሚካኤል ነው። ወላጆቻቸው በየወሩ በሚካኤል ጠበል ይወስዷቸዋል። ምን ላድርግ? እንግዳ ይመጣል ተባለ።»

«እና የሰው ልጅ አስገብተህ ሞላኸው!»

ያን ጊዜ እሱም ተቆጣ። ከንግግሩ ሁሉ እውነት የነበረው ይኸ ነው።

«ጋሼ፣ ባለፈው ጊዜ ባዶ ክፍል ያየ ሰው ምን ብሎ እንደጻፈ ያውቃሉ? ‹ተጠቃሚ የለም› ነው ያለው። ተጠቃሚ የለም ከተባለ ድጎማው ይቀራል። ድጎማው ሲቀር መምህርቷ ትሄዳለች። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ክፍሉን ክፍት አድርጌ እውነቱን እናገር ነበር።»

«እሺ» አለኝ። «እርስዎ ርዕሰ መምህር አይደሉማ።»

ሥራዬ በዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። እህቴ ዘንድ ደውዬ ውሸት ነው፣ ክፍሉ ለታይታ ነው፣ ልጅቷ ዳባት ትሂድ ልላት ስልኬን አወጣሁ። ከፍቼም ስሟ ላይ ደረስሁ። ግን ‹መምህርቷ› ያለው ነገር ጎረበጠኝ። የውሸት ክፍል መምህርት ምን ታደርጋለች? ስልኩን መልሼ ከተትሁና ዘበኛውን ጠበሉ በየት በኩል ነው አልሁት።

ዓርብ ረፋድ፤ ጠበሉ

ከከተማው ወጣ ብሎ ቁልቁለት ነው። ጽድና ወይራ ከሸፈነው ቤተ ክርስቲያን ሥር ውሃው በቆርቆሮ አሸንዳ ይወርዳል። ነጠላ ያጣፉ እናቶች ተሰልፈዋል። ከግንቡ ዳር ፀጉራቸው የረጠበ ልጆች በፀሐይ ተቀምጠዋል፤ ጥቁር የተቀባ ሳንቃ የጽድ ግንድ ላይ ተደግፏል፤ ሳንቃው ላይ «ውሃ» ተብሎ ተጽፏል። አንዲት አጭር ወጣት ሴት፣ የሹራቧ እጅጌ እስከ ክርኗ ተሰብስቦ፣ እጇን ታወናጭፋለች። ልጆቹም እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ጠብ ያለ መስሎኝ ነበር። አንዱ ልጅ አንዱን ይገፋል፣ በእጁ ይሳደባል፣ ሌላው በእጁ ይመልስለታል፣ ሁሉም ይስቃሉ። ከሰማያዊው ክፍል ይልቅ እዚህ ጫጫታ ነበር።

እኔ ግን እኔ ነኝ። አንዴ ተሸውጃለሁ። ከኋላቸው ዞርሁና፦

«ከረሜላ ማን ይፈልጋል?» አልሁ።

ከልጆቹ አንድም አልዞረ። መምህርቷ ብቻ ዞረች።

«እኔ አልፈልግም» አለች። «እርስዎ ደግሞ ከየትኛው ቢሮ ነዎት?»

«ከቢሮ አይደለሁም።»

«ከቢሮ ያልሆነ ሰው እንዲህ ቆሞ አያይም።»

መምህርት ሰብለ ትባላለች። እሷም እንደኔ ሰው አታምንም፤ ይኸ ነገር ወዲያው ደስ አለኝ። የመጣሁበትን ነገርኋት። ልጆቹ የሚማሩት ሰማያዊው ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከጀርባው ካለው አሮጌ ዕቃ ቤት ነው። የሰማያዊው ክፍል ቁልፍ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ ዕቃው እንዳይሰበር። በየወሩ በሚካኤልና በመድኃኔዓለም ደግሞ ልጆቹ ጠበል ስለሚመጡ እሷ ሳንቃዋን ተሸክማ ትከተላቸዋለች።

«መጀመሪያ ከወላጆቹ ጋር ተጣላሁ። ክፍል ይቅደም፣ ጠበል ይቅደም እየተባባልን ልጆቹ ቀሩብኝ። ኋላ እኔው መጣሁ።»

አጥማቂው ቄስ መምሬ ቸኮል ናቸው። መስቀላቸውን ተሳልሜ፦

«አባታችን፣ ጠበል ቦታ ትምህርት ይፈቀዳል?» አልኋቸው።

ቀስ ብለው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጡ መለሱልኝ።

«መጀመሪያ አባርሬያት ነበር። እጇን ስታወራጭ ጤናም አልመሰለችኝ። ኋላ አንድ ቀን አየሁ። እኒህ ልጆች ስናጠምቃቸው ይጮኹ ነበር። ሌላው ልጅ አይዞህ ይባላል፣ አሁን ያልቃል ይባላል። እኒህን ማን ምን ይበላቸው? ዝም ተብሎ ተይዘው ቀዝቃዛ ውሃ ይወርድባቸዋል። ይህች ልጅ መጣችና በእጇ ነገረቻቸው። ውሃ፣ ይበርዳል፣ ትንሽ ነው፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ራሳቸው ጎንበስ ይላሉ።»

«ታዲያ ይሰማሉ ብለው ተስፋ አያደርጉም?»

«እኔ የምለምነው እንዲሰሙ ነው። እስኪሰሙ ድረስ ደንቆሮ ሆነው ይቀመጡ ብዬ ግን አለመንሁም» አሉና ወደ አሸንዳው ተመለሱ።

ከመምህርቷ ጋር ግንቡ ላይ ተቀመጥን። የወይዘሮ አሰገደችን ጥያቄ ለእሷ ጠየቅሁ።

«ተምራ ምን ትሆናለች?»

«አላውቅም።»

«ልዩ ክፍሉ እስከ አራተኛ ነው አሉ፤ ስትጨርስስ?»

«ከሚሰሙት ጋር ትቀላቀላለች፣ አስተርጓሚ ይመደብላታል ይላል መመሪያው። እኔ እስከ ዛሬ የተመደበ አስተርጓሚ አላየሁም።»

«ደመወዝሽስ?»

«ከድጎማው ነው። ድጎማው ሲመጣ። እስከ ሰኔ በምንም በምንም ብዬ አለሁ። ከሰኔ በኋላ ቃል አልገባም። እናቷ ከጠየቀችዎት እንዲሁ ይበሏት። ሰብለ ከሰኔ ወዲያ አላውቅም ብላለች።»

ከጎንደር ከተነሳሁ ጀምሮ ሁሉም ቃል ገብቶልኛል። ረዳቱ አንድ ሰው ብቻ አለ፣ የብረት ሰሌዳው ጥራት አለ፣ አሰገደች አትራብም አለች፣ ርዕሰ መምህሩ ባለድርሻ አካላት አለ። አላውቅም ያለችኝ ይህች ብቻ ናት።

ማደሪያውንም ጠየቅሁ። ከሩቅ የመጡት ልጆች እናቶች አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተዋል። እናቶቹ ሳምንት ሳምንት እየተፈራረቁ፣ ስንቅ ይዘው መጥተው የሁሉንም ልጅ ያበላሉ፣ ያሳድራሉ። ተረኛዋን አናገርኋት። «እህትህ ድንች ይዛ ትምጣ፣ እዚህ ተወዷል» አለችኝ።

ስሄድ ሰብለ ሁለት ምልክት አስጠናችኝ፤ ‹ነይ› እና ‹መማር›። ጣቴ ጆንያ የለመደ ነውና አልታዘዝ አለኝ። ልጆቹ ከበው ሳቁብኝ። አንዷ ቅንድቧን ጭምድድ አድርጋ ግንባሯን በጣቷ ነካች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

«ምን እያሉ ነው?»

«ስም አወጡልዎ። እዚህ ሁሉም ሰው የምልክት ስም አለው።»

ትርጉሙን አልጠየቅሁም። ቅንድቤን አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ፤ ወደ እህቴ መንደር

እስከ መገንጠያው ድንጋይ በጫነ አይሱዙ፣ ከዚያ በእግር። ከፊት ተራራው እንደ ተሰበረ ግንብ ቆሟል። ቁልቁለቱን ወርጄ ወንዙን ተሻግሬ ዳገቱን ስጨርስ ቀትር ሆኖ ነበር። የሻረግ ገብስ ከምታበራይበት አውድማ ሮጣ መጣች። ባሏ መኮንንም መጣ።

ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። አስቀርቼ የያዝሁትን ከረሜላ ሰጠኋት። አልጎረሰችም። ወረቀቱን ፈታች፣ አሸተተች፣ ለብርሃን ከፍ አድርጋ አየች፣ ከዚያ ጫፉን በጥርሷ ሞከረች። እህቴ ሳቀች።

«እንዳንተው ናት። የሰጠኋትን እንጀራ ገልብጣ ሳታይ አትበላም።»

ዶሮዎች ወደ አውድማው ሲጠጉ ልጅቷ እጇን ወደ ውጭ ወንጨፍ ወንጨፍ አድርጋ አባረረቻቸው። እህቴ እንደነገረችኝ፣ ይኸ ምልክት የራሷ ፈጠራ ነው። ለዶሮም፣ ለውሻም፣ ለማትወደው እንግዳም ያገለግላል። በሰብለ አስጠኚነት የተማርሁትን ‹ነይ› እና ‹መማር› አሳየኋት። እጄን ያዘችና ገልብጣ አየችው። ሌላ የተደበቀ ነገር እንዳለበት ፈተሸች። ከዚያ በራሷ እጅ ደገመችው፤ ከእኔ ይልቅ አሳምራ።

አውድማው ዳር ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኋቸው። ሰማያዊውን ክፍልና የሚሰሙትን ልጆች። ያልተፈታውን ኮምፒውተር። ዕቃ ቤቱን። ጠበሉን። ንጹሑን ፍራሽና ገንዳውን። ሰብለ ከሰኔ ወዲያ አላውቅም ማለቷን። መኮንን አንገቱን ይነቀንቃል።

«እና ለሚያታልሉ ሰዎች ልጄን ልስጥ?»

«አንተ ነህ አማቼ ይመጣል ብለህ ያስታለልኸኝ» አልሁት።

እህቴ ግን ወደ እኔ ዞራ፦

«ወንድማለም፣ ነገር አታብዛብኝ። ደህና ነው ወይስ ደህና አይደለም?»

ለዚች አንድ ቃል ነው ከጎንደር ድረስ የመጣሁት። ደህና ነው ብል ውሸት ነው። ደህና አይደለም ብዬ ዝም ብል ልጅቷ ነገ ገንዳው ዳር ናት።

«ደህና አይደለም» አልኋት። «ትግባ።»

«ደህና ካልሆነ እንዴት ትግባ ትላለህ?»

«ጠበሉ ጋ አንድ ልጅ ጓደኛውን በእጁ ሲሰድበው አየሁ። ያኛውም መለሰለት። አሰገደች ልጅሽን የምትፈልጋት ቃል አትመልስም ብላ ነው። እኔ የምትመልስበት ቦታ ትሂድ ነው የምለው።»

የሻረግ ልጇን አየቻት። ትርንጎ ወረቀቱን እያለሰለሰች ከረሜላውን ትመጥጣለች፤ ስለ እሷ እንደምናወራ ታውቃለች፤ ሁልጊዜም ታውቃለች አለችኝ እናቷ። ከዚያ ተነስታ ወደ ጎተራው ሄደች።

«ድንች ነው ያሉት?» አለች።

ሰኞ፤ ደባርቅ

ትርንጎ በአዲስ ሹራብ፣ እናቷ በድንች ጆንያ፣ እኔ በጥርጣሬዬ ደረስን። ምዝገባው ያለ ጣጣ አለቀ። ይኸም አሳሰበኝ። ወደ ዕቃ ቤቱ ስናመራ ርዕሰ መምህሩ ቁልፍ እያንቀጫቀጨ መጣና ሰማያዊውን ክፍል ከፈተው። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው የሚማሩት» አለ፤ እኔን እያየ። ሰብለም እኔን አየች። ሁለታችንም አንድ ነገር ነው ያሰብነው፤ ጋዜጣ የሚጽፈው ሰው እስኪሄድ ነው።

ልጆቹ ገቡ። ሰብለ ሳንቃዋን ውጭ አልተወችም፤ ይዛው ገባች። ትርንጎ ግን ደፉ ላይ ቆመች። ግድግዳውን አየች። ከወንበሩ ሥር አጎንብሳ አየች። የላስቲኩን ጫፍ ገልጣ ኮምፒውተሩን አየች። ጠበሉ ጋ ስም ያወጣችልኝ ልጅ ጠጋ ብላ በእጇ አንድ ነገር አለቻት። ትርንጎ ምን እንደተባለች እንዳልገባት ያስታውቃል፤ ቢሆንም የልጅቷን እጅ ይዛ ገለበጠችው፣ ደገመችው፣ ከጎኗ ተቀመጠች።

እናቷ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ወደ ማደሪያው ሄደች፤ የመጀመሪያው ሳምንት ተራ የእሷ ነው። እኔ ግን ከአጥሩ ውጭ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆምሁ። አውቶቡሴ እስኪሞላ ጊዜ ነበረኝ። በሩ መልሶ ይቆለፍ እንደሆነ ላይ ፈለግሁ። ዘበኛው ሁለት ጊዜ መጥቶ አየኝ። በሩ አልተቆለፈም። ቆየሁ። አሁንም አልተቆለፈም።

በመስኮቱ በኩል ትርንጎ ቀና አለች። አየችኝ። ቅንድቧን ሰብስባ ትንሽ ተመለከተችኝና እጇን ወደ ውጭ ወንጨፍ ወንጨፍ አደረገች፤ ዶሮዎቹን እንደምታባርርበት።

ወደ መናኸሪያው ሄድሁ።